ጆሮ የተነፈጋቸው ፊልሞች፦ «የ2023 ምርጦቼ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የ2023 ምርጦቼ» የሚለውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው፣ ጸሐፊው ከልቡ ፊልም የሚወድ መሆኑን አይጠራጠርም። «ጆን ዊክ ምዕራፍ 4»ን አንደኛ፣ አዲሱን ባለ ሥዕል «ስፓይደርማን» ሁለተኛ፣ «ሚሽን ኢምፖሲብል»ን ሦስተኛ አድርጎ ዐሥሩን ሲደረድር በደስታ ነው የጻፈው፤ ደስታውም ይጋባል። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም። የወደደውን ወደደ፣ ማን ምን አገባው? ነገር የተበላሸው ከዝርዝሩ በታች ነው። ዓለም ያጨበጨበላቸውን አምስት ፊልሞች አንድ በአንድ እያነሣ ምናቸው እንደተወደደ አልገባኝም ይልና ሁሉንም ይመታቸዋል። ከዚያ ጥሩ ምስል የገንዘብ ጉዳይ ነው ይለናል። በመጨረሻም ከአፍሪካ በዚያ ዓመት የሚጠቀስ ፊልም አልወጣም ብሎ ይዘጋል። መግቢያው ላይ በጣዕም ክርክር የለም ብሎ ነበር። ልክ ነው፣ የለም። ምክንያት የቀረበ ዕለት ግን ምክንያቱ ይመዘናል።

የክሶቹ ሁሉ ምንጭ አንድ ነው። ጸሐፊው ፊልምን የሚለካው ስክሪኑ ላይ በታየው ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ሰው ተመታ፣ ምን ፈነዳ፣ ማን ማንን ሳመ፣ መጨረሻው ታወቀ አልታወቀ። እንደ ፈረንጆቹ 2023 ደግሞ ጠንካሮቹ ዳይሬክተሮች፣ ተነጋግረው የመጡ ይመስል፣ ዋናውን ነገር ከካሜራው ውጭ ያስቀመጡበት ዓመት ነው። ያልታየውን ሁሉ እንዳልሆነ ከቆጠርነው፣ አዎ፣ ምንም አልሆነም።

ከ«ዘ ዞን ኦፍ ኢንትረስት» ልጀምር፤ ትልቁ በደል የደረሰው እሱ ላይ ነው። ክሱ እንዲህ ይላል፦ አንድ የጀርመን ቤተሰብ ይበላል፣ ይዋኛል፣ አትክልት ያጠጣል፣ ይተኛል፤ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ምንም አይፈጠርም።

ቤተሰቡ የማን ነው? የናዚዎቹ የአውሽቪትዝ ሞት ካምፕ አዛዥ የሩዶልፍ ሆስ። ግቢያቸውን ከሞት ካምፑ የሚለየው አንድ ግንብ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ጆናታን ግሌዘር ግድያውን አያሳየንም፤ ያሰማናል እንጂ። እመቤቲቱ አበባዋን ስታስጎበኝ ከማዶ ተኩስ ይሰማል። ልጆቹ በገንዳ ውሃ ሲንቦጫረቁ የሰው ጩኸት አለ፣ የውሻ ጩኸት አለ። ከሁሉም ሥር ቀን ከሌት የማያቋርጥ የምድጃ ጉርምርምታ አለ። ትንሽ ቆይቶ ጆሯችን ይለምደውና መስማት ያቆማል፤ ፊልሙ በኛ ላይ ሊያደርግ የፈለገውም ይህንኑ ነው። የዚያ ዓመት የምርጥ ድምፅ ኦስካር ለዚህ ፊልም የድምፅ ባለሙያዎች ለጆኒ በርንና ለታርን ዊለርስ ሲሰጥ ከተሸነፉት መካከል «ኦፐንሃይመር» እና የጸሐፊያችን ሦስተኛ ምርጥ «ሚሽን ኢምፖሲብል» ይገኙበታል። ያ ሁሉ ፍንዳታ፣ ያ ሁሉ ከድልድይ የሚወድቅ ባቡር፣ ከግንብ ማዶ በሚመጣ ድምፅ ተበለጠ።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። የቤቱ ትንሹ ልጅ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን እየተጫወተ ነው። ከመስኮቱ ውጭ አንድ እስረኛ ተይዞ ሲዋከብ ይሰማል፤ ጥፋቱ በፖም መጣላቱ ነው፤ ወንዝ ውስጥ እንዲያሰጥሙት ትእዛዝ ይሰጣል። ልጁ ወደ መስኮቱ ሄዶ አጮልቆ ያያል፤ እኛ ውጭውን አናይም። ተመልሶ ወደ ጨዋታው ይገባና፣ ሁለተኛ እንዳይለምደው እንደሚገሥጽ ሰው፣ ለራሱ ያጉረመርማል። ፖሙ ከየት መጣ? ቀደም ሲል አንዲት ፖላንዳዊት ልጃገረድ እስረኞች በሚሠሩበት ቦታ በሌሊት ፖም ስትደብቅላቸው አይተናል፤ ያውም ሙቀት በሚያነብ ካሜራ፣ ነጭ ጥላ ሆና። ለነፍስ ብላ ያደረገችው ነገር ሰው አስገደለ። ይህን የሚነግረን ገጸ ባሕርይ የለም፤ ሁለቱን ነገር የምናገጣጥመው እኛው ነን። ጸሐፊው ምንም አይፈጠርም ያለው በዚህ ፊልም ነው።

የእመቤቲቱ እናት ለጥየቃ ትመጣለች። ቤቱን፣ አትክልቱን አድንቃ አትጠግብም። ሌሊት ግን የጭስ ማውጫው እሳት መስኮቷን ሲያቀላው ታያለች፤ ሲነጋ አልጋዋ ባዶ ነው። ትታው የሄደችውን ደብዳቤ እመቤቲቱ አንብባ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። ምን ይላል ደብዳቤው? አይነበብልንም። ቢነበብልን ኖሮ ግማሽ ደቂቃ አዝነን ባለፍን ነበር።

ምስሉ የጥበቃ ካሜራ ይመስላል፣ ቀዝቃዛ ነው የሚለው ነቀፌታም አለ። ይመስላላ! ግሌዘር እስከ ዐሥር የሚደርሱ ካሜራዎች ቤቱ ውስጥ ሰውሮ፣ የቀረጻ ሠራተኛውን ሁሉ አስወጥቶ፣ ተዋናዮቹን ብቻቸውን የተዋቸው ለዚሁ ነው። ፊታቸው ላይ ተጠግቶ ቢቀርጽ እናዝንላቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ነው። አብዛኞቻችን ፊልም የምናየው ከቴሌግራም አውርደን፣ በስልክ፣ በዚያች በምትንጫጫ ድምፅ ማጉያ፣ ጎን ለጎን ሻይ እያፈላን ነው። ለጆን ዊክ ይበቃል። «ዘ ዞን ኦፍ ኢንትረስት» ግን እንዲህ ሲታይ ግማሹ የለም፤ ጉርምርምታውን የስልኩ ድምፅ ማጉያ አያወጣውም። ተራኪ ጣልቃ እየገባ የሚያወራበት ቅጂ ከሆነማ ጨርሶ ተዉት። ኢርፎን ሰክቶ፣ ሰው ሲተኛ፣ ከመጀመሪያው የጨለማ ስክሪን ጀምሮ ያየው ሰው «ምንም አይፈጠርም» ካለኝ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

የአቶም ቦምቡን ሥራ ስለ መራው ሳይንቲስት በሚተርከው «ኦፐንሃይመር» ላይ የቀረቡት ክሶች ሁለት ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያወራል የሚለው አንዱ ነው። ይህን በችኮላ ልለፈው፤ ወሬው አሰልቺ ቢሆን ኖሮ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አያስገባም ነበር፤ ለዚያውም ባለ ሮዙ «ባርቢ» በዚያው ዕለት ወጥቶ ሕዝቡን በሚሻማበት ሐምሌ። ሁለተኛው ክስ ግን ክብደት አለው፦ ቦምቡ የወደቀባቸውን ሂሮሺማንና ናጋሳኪን አለማሳየቱ ፍርሃት ነው ይላል። ብዙ ሰው ያነሣው ጥያቄ ነው። ጃፓን ውስጥ ራሱ ፊልሙ ሲኒማ የገባው ሌላው ዓለም ካየው ከስምንት ወር በኋላ፣ በማርች 2024 ነበር።

መልሱ ያለው የስፖርት አዳራሹ ትዕይንት ላይ ነው። ኦፐንሃይመር ሂሮሺማ መመታቷን እንደማንኛውም ሰው ከሬዲዮ ነው የሰማው። ከዚያ ቦምቡ የተሠራበት የሎስ አላሞስ ሠራተኞች ተሰብስበው ይጠብቁታል፤ መቀመጫው ላይ ሆነው እግራቸውን በአንድ ላይ እየመቱ። ያንን የእግር ድምፅ ቀደም ብለን በተደጋጋሚ ሰምተነዋል፣ የምን እንደሆነ ሳናውቅ፤ ሥጋት ይመስል ነበር፣ ለካስ ጭብጨባ ኖሯል። ሰውየው መድረክ ላይ ወጥቶ የድል ንግግር ሲያደርግ የሕዝቡ ድምፅ ድንገት ይጠፋል፤ አንድ ጩኸት ብቻ ይቀራል። ከፊቱ የቆመች ወጣት የፊቷ ቆዳ ሲገፈፍ ያያል። ሲወጣ እግሩ የከሰለ አስከሬን ውስጥ ይገባል። ሂሮሺማ እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ በገዛ ባልደረቦቹ ፊት ላይ ታይታለች። ቆየት ብሎ ደግሞ የጉዳቱን ፎቶግራፎች በስላይድ ሲያሳዩ ካሜራው ፎቶዎቹ ላይ አይደለም፤ ኦፐንሃይመር ላይ ነው። እሱም ዐይኑን ያሸሻል። ፈሪ ካለ ፊልሙ ራሱ ጣቱን ቀስሮበታል።

ዳይሬክተሩን ክሪስቶፈር ኖላንን መውቀስ ለፈለገማ ሌላ በር ነበረ። የኦፐንሃይመር ወዳጅ ጂን ታትሎክ ገብታ ሳትጨርስ ትወጣለች፤ ሚስቱም እስከ ምርመራው ክፍል ድረስ ከመጠጣትና ከመነጫነጭ ያለፈ ብዙ አልተሰጣትም። ይህን ቢያነሣ ኖሮ አብሬው እጮህ ነበር። አላነሣም።

«አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ለምን በካን ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ እንደወሰደ ጸሐፊው አልገባውም፤ ምክንያቱም ሚስቱ የተከሰሰችበት፣ ከቤታቸው ወድቆ የሞተው ሰውየ ተገፍቶ ይሁን ራሱን ጥሎ መጨረሻው ላይ አይታወቅም። ተመልካች ተታልሏል ባይ ነው። እኔ ደግሞ የምለው፣ ዳይሬክተሯ ጀስቲን ትሪዬ የፍርድ ቤት ፊልም የሠራች እንደመሆኗ ዳኞቹ ያላቸውን ያህል ማስረጃ ሰጠችን፤ አንዲት ፍሬ አልሸሸገችም። እነሱም አላዩም፣ እኛም አላየንም።

በዚያ ፊልም ውስጥ ባልየው ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ባልና ሚስቱ የተጣሉት ጠብ አለ። ባል በድብቅ በድምፅ ቀድቶት ኖሮ ችሎት ፊት ይከፈታል። ትሪዬ መጀመሪያ ወደ ቤታቸው ትወስደናለች፤ ሁለቱ ማእድ ቤት ውስጥ ሲነካከሱ እናያለን፤ ማን ጊዜውን ለማን ሰዋ፣ ማን የማንን ሐሳብ ሰርቆ ጻፈ፣ ልጃችን ዐይኑን ያጣው በማን ጥፋት ነው። ልክ ብርጭቆው ተሰብሮ ዱላው ሲጀመር ምስሉ ይቆረጥና ችሎት ውስጥ ተቀምጠን እንገኛለን። ከዚያ በኋላ ድምፅ ብቻ ነው። ጥፊው የማን ነው? ማን ማንን ገፋ? ዐቃቤ ሕጉ አንድ ነገር ይላል፣ ሴትየዋ ሌላ ትላለች። ቁልፉን ምስል ሆን ብላ የነፈገችን ለፈተና ነው፤ ሁላችንም ጎረቤት ሲጣላ ከግድግዳ ማዶ ሰምተን ፈርደን እናውቃለን። እዚህም እንደዚያው ፈረድን። መጨረሻው ይነገረን ማለት ኀላፊነቱን ውሰዱልን ማለት ነው።

(ውሻው እንኳ ያንን ሁሉ የትወና ብቃት ሲያሳይ ጸሐፊው አንድ ቃል አለመተንፈሱ አሳዝኖኛል። ሜሲ ይባላል።)

ስለ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» የቀረበው ክስ አጭር ነው፦ ረዘመ። 206 ደቂቃ ነው፣ ልክ ነው፤ አንደኛ ያደረገው «ጆን ዊክ 4» ደግሞ 169 ደቂቃ ነው። የፓሪሱን ደረጃ ወጥቶ፣ ተንከባልሎ፣ እንደገና ሲወጣ እኔም እንደሱ አጨብጭቤአለሁ። ርዝመት ካልታየን ደስ ብሎናል ማለት ነው፤ ከታየን ደግሞ ዳይሬክተሩ ምን ሊያደርግብን እንደፈለገ መጠየቅ ይገባል። ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ የሚተርከው በ1920ዎቹ ኦክላሆማ ውስጥ፣ በነዳጅ የከበሩ የኦሴጅ ሕዝቦች ለርስታቸው ሲባል አንድ በአንድ እንዴት እንደተገደሉ ነው። መጀመሪያ ታሪኩ የተጻፈው በመርማሪው ዐይን ነበር፤ ዲካፕሪዮም የታሰበው ለዚያ ቦታ ነበር። እንደዚያ ቢሠራ በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ ገዳዩ ማን ነው ብለን እየጠየቅን። ስኮርሴዚ ግን ገዳዮቹን ከመነሻው አሳየን፣ ዲካፕሪዮንም ሚስቱን ቀስ በቀስ የሚመርዝ ባል አደረገው። ከዚያ የቀረን መጠበቅ ነው። ሚስቱ ሞሊ ገና ሳይጋቡ ዝናብ ሲመጣ ሰውየውን ዝም በል፣ ተቀመጥ ብላ አብራው ዝናቡን የምታዳምጥበት ትዕይንት ቁጭ ብሎ ማየት ላልቻለ ሰው የፊልሙ ቀሪ እንዴት ሊገባው ይችላል? መሐል ላይ የባልየው አጎት ደጋግሞ የሚያሤርባቸው ክፍሎች ቢያጥሩ አልከፋም ነበር፤ ይህን ያህል እሄድለታለሁ። ሌላ እውነተኛ ትችት ደግሞ አለ፤ የፊልሙ የኦሴጅ ቋንቋ አማካሪ ራሱ ታሪኩ በሞሊ ዐይን ቢነገር ይመርጥ እንደነበር፣ ያንን ለመሥራት ግን ኦሴጅ ሰው እንደሚያስፈልግ በግልጽ ተናግሯል። ጸሐፊው ይህን ትቶ ሰዓቱን ቆጠረ። ኦስካርም ዐሥር ጊዜ አጭቶ አንድም አልሸለመው፤ ጸሐፊው ብቸኛ አይደለም ማለት ነው።

«ፓስት ላይቭስ» ላይ የጻፈውን ሳነብ ግን ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የለውም እንዴ አልሁ። ሁለት ሰው ይዋደዳል፣ አይሳሳምም፣ አለቀ፤ ይኼ ነው ትንታኔው። ኖራ በልጅነቷ ከሴኡል ወደ ካናዳ የተሰደደች፣ አድጋ ኒው ዮርክ ላይ ያገባች ሴት ናት። ሄ ሱንግ የልጅነት ጓደኛዋ ነው፤ ከ12 ዓመት በኋላ በስካይፕ ይገናኛሉ፣ ከሌላ 12 ዓመት በኋላ በአካል። መልኩ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት፣ ሰዓቱ በማይገጥም ሁለት አገር፣ አንዱ ሲነጋለት ሌላው ሲመሽበት የሚደረገውን ያን ወሬ ያላወቀ ሐበሻ በዲሲም በአዲስ አበባም ያለ አይመስለኝም። እዚያ ፊልም ውስጥ ያልታየው ነገር ኖራ ሳትሄድ ቀርታ ቢሆን ትኖረው የነበረው ሕይወት ነው። ሄ ሱንግን ስታይ የምታየው እሱን ብቻ አይደለም። አሜሪካዊ ባሏም ይህ ገብቶታል፤ ሚስቱ በሕልሟ የምትናገረውን ስለማይሰማ ኮሪያኛ የሚማር ሰው ነው።

መሳሳምን በተመለከተ፦ ዳይሬክተሯ ሴሊን ሶንግ ሁለቱ ተዋናዮች ካሜራ ፊት እስኪገናኙ ድረስ እንዳይነካኩ ከልክላቸው ነበር፤ ባል ሆኖ የሚጫወተውንና ሄ ሱንግን ደግሞ እስከ ትዕይንታቸው ድረስ ጨርሶ አላገናኘቻቸውም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ታክሲ ሲጠብቁ፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ተፋጠው ቆመው የምናየው ዝምታ በልምምድ የመጣ አይደለም። ቢሳሳሙ ኖሮ ተራ የክሕደት ታሪክ ይሆን ነበር። መኪናው መጣ፣ ሄደ፣ እሷ ወደ ባሏ ተመለሰች፤ እዚያ በር ላይ ያለቀሰችው ግን ለመኪናው ብቻ አይደለም።

ጥሩ ምስል የገንዘብ ጉዳይ ነው ለሚለው ሐተታ አያስፈልግም፤ አንድ ፊልም ይበቃል። «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ከ15 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ፣ በ35 የምስል ቅንብር ባለሙያዎች ተሠርቶ የምስል ቅንብር ኦስካርን ከሆሊውድ ነጥቆ ቶኪዮ ገባ። ታካሺ ያማዛኪ ጸሐፊውም፣ ዳይሬክተሩም፣ የቅንብሩ ኀላፊም ራሱ ስለሆነ የሚሠራና የሚያዝዝ ሰው መሐል የሚባክን ጊዜ አልነበረም። እኛም አገር «ገንዘብ የለንም» የሚባለው መልስ ሁልጊዜ እውነት ቢሆንም ሁልጊዜ ምክንያት አይሆንም።

ወደ አፍሪካ ልምጣ፤ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስነሣኝ ለነገሩ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ካን ላይ ብቻ፣ በዋናው ውድድር የሴኔጋላዊት ፈረንሳዊቷ ራማታ ቱላይ ሲ «ባኔልና አዳማ» ነበር፤ የቱኒዚያዊቷ ካውተር ቤን ሃኒያ «ፎር ዶተርስ» ነበር፤ እሱ በኋላ ለዘጋቢ ፊልም ኦስካር ታጭቷል። ስለ ኡጋንዳው ዘፋኝና ፖለቲከኛ ቦቢ ዋይን የተሠራው ዘጋቢ ፊልምም አብሮት ታጭቷል። የናይጄሪያው «ማሚ ዋታ» በጥቁርና ነጭ ምስሉ ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የቀረጻ ሽልማት ወስዷል። አልወጣም የተባለው ይህ ሁሉ ወጥቶ ነው።

ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ «ጉድባይ ጁሊያ»ን ይዛ መጣች፤ ካን በይፋዊ ምርጫው ያስገባው የመጀመሪያው የሱዳን ፊልም ነው፤ የነጻነት ሽልማት የተባለውንም ወስዷል። ዳይሬክተሩ ሞሐመድ ኮርዶፋኒ ነው። ታሪኩ የደቡብ ሱዳኑ መሪ ጆን ጋራንግ ሲሞት በተነሣው ሁከት ይጀምራል። ሞና የምትባል የካርቱም እመቤት፣ ባሏ ዘፈን ያስተዋት ዘፋኝ፣ አንድ የደቡብ ልጅ በመኪና ትገጭና ትሸሻለች። የልጁ አባት ተከትሏት ይመጣል፤ ባሏ ደጃፋቸው ላይ በጥይት ይገድለዋል። ሞና ሚስቱን ጁሊያን ፈልጋ ታገኛትና፣ የሆነውን ሳትነግራት፣ ቤቷ በሠራተኝነት ታስገባታለች። ልጁን ታስተምርላታለች። ደግነት ነው? ዕዳ ነው? ማባበያ? ሁለቱ ሴቶች በአንድ ማእድ ቤት ውስጥ እየተሳሳቁ ሳለ ያ ያልተነገረ ነገር በመካከላቸው ቆሟል፤ ደቡቡም እየተገነጠለ ነው። ሠራተኛ ያላት የአዲስ አበባ እመቤትም፣ በሰው ቤት የሠራች እህትም ይህን ፊልም ስታይ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ፊልሙ ካን ላይ ሲታይ ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ አንድ ወር አልፎት ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ቤቶች ባለቤቶች በየድንበሩ፣ በኛው በመተማም ጭምር፣ እየሸሹ ነበር።

«ኢዮ ካፒታኖ» ዳይሬክተሩ ጣሊያናዊው ማቴዮ ጋሮኔ ስለሆነ የአፍሪካ ፊልም አይደለም ይባል ይሆናል። ይሁን። ግን ንግግሩ አብዛኛው ወሎፍኛ ነው፣ ልጆቹ ከዳካር የተነሡ ናቸው፣ መንገዱም ኒጀር፣ ሰሐራ፣ የሊቢያ እስር ቤት፣ ከዚያ ባሕር ነው። በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ የገባ የሰፈር ልጅ የሚያውቅ አንባቢ ስለ እስር ቤቱ ክፍል ሳነሣ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል፤ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ስልክ ቁጥር ስጥ እየተባለ የሚገረፍበት ክፍል ነው። የ16 ዓመቱ ሰይዱ ጀልባ ነድቶ የማያውቅ፣ ዕድሜው ስላልደረሰ አይታሰርም ተብሎ መሪውን የተሰጠው ልጅ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ሄሊኮፕተር ከላያቸው ሲያንዣብብ እንሰማለን፣ ልጁ ወደ ላይ እየጮኸ ካፒቴኑ እኔ ነኝ ይላል፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ነው። ጣሊያን መሬት ሲረግጥ አናየውም። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀውን ምርመራ፣ ካምፕ፣ ክስ ጋሮኔ አላሳየንም፤ ያለፈበት ግን ያውቀዋል።

ጸሐፊው ከፈለገ ዐሥሩን ምርጦቹን አንዱንም ሳይነካ ይተዋቸው። «ከአፍሪካ የወጣ የለም» የምትለዋን መስመር ብቻ «እኔ ያየሁት የለም» ብሎ ቢያርማት በበኩሌ ክርክሩ ተዘግቷል።